ድምፅዎን አምኜ ስለፈረምኳቸው ሠላሳ አንድ ወረቀቶች

ለክቡር ፕሮፌሰር፣
የዩኒቨርሲቲያችን ፕሬዚዳንት፣ የሕግ ሊቅ፣ የሴኔቱ ሰብሳቢና የቀድሞ የመኝታ ክፍል ባልንጀራዬ፤
ባሉበት።

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ጤንነትዎ እንደምን ሰንብቷል? በተለይ ጉሮሮዎ እንዴት ነው? ትልቁ ሀብትዎ ድምፅዎ መሆኑን ከማንም በላይ የማውቀው እኔ ነኝና፣ በዚህ ብርድ ከነፋስ እንዲጠበቁ፣ አንገትዎንም እንዲሸፍኑ በታላቅ አክብሮት አሳስባለሁ። እኔ በበኩሌ ደህና ነኝ፤ ምርኩዜም ደህና ናት።

ይህን ደብዳቤ በአደባባይ መላኬ እንደ ድፍረት እንዳይቆጠርብኝ እለምናለሁ። ቅሬታዬን በጽሕፈት ቤትዎ በኩል ሦስት ጊዜ ልኬ ነበር፤ ሦስቱንም ጊዜ ጸሐፊዎ እጅግ ጨዋ በሆነ አንደበት በመዝገብ ላይ እንዲህ ያለ ደብዳቤ እንደሌለ ነግረውኛል። ከመዝገብ የማይገባ ደብዳቤ ቢያንስ ከሰው ጆሮ ይግባ ብዬ ነው። ክቡርነትዎ ታሪኩን አብረውኝ ስለኖሩት ሊሰለቹ ይችላሉ፤ ዳሩ ግን ሌሎችም ያነቡታልና ከሥሩ እንድጀምር ይፍቀዱልኝ።

በአራት ዓመቴ ኩፍኝ ዓይኔን ከወሰደው ወዲህ ዓለምን የማውቀው በጆሮዬና በጣቴ ነው። ዩኒቨርሲቲ የገባሁ ዕለት የሕግ መጻሕፍት በብሬል እንደሌሉ ተነገረኝ። የቤተ መጻሕፍቱ ሠራተኛ ሲያሰናብተኝ ከኋላዬ አንድ ድምፅ፣ «ና ወንድሜ፣ እኔም ጮክ ብዬ ካላነበብኩ አይገባኝም» አለኝ። ያ ድምፅ እርስዎ ነበሩ። ከዚያ ዕለት ጀምሮ አራት ዓመት ሙሉ፣ ከልብስ ማጠቢያው ጀርባ ባለው ደረጃ ላይ ተቀምጠን፣ የፍትሐ ብሔሩን፣ የወንጀሉን፣ የሥነ ሥርዓቱን ሕግ ከነግርጌ ማስታወሻው አነበቡልኝ። ተማሪው እርስዎን «ሬዲዮ»፣ እኔን «ካዝና» ይለን ነበር፤ እርስዎ ያነባሉ፣ እኔ አስቀምጣለሁ። ፈተና ሲደርስ ደግሞ ካዝናው ተከፍቶ ሬዲዮው ይወስዳል። እርስዎ አንደኛ ወጡ፣ እኔ ሁለተኛ። በዚህ ቅሬታ የለኝም፤ ከነበረኝ ሁሉ የበለጠውን የሰጡኝ እርስዎ ነበሩና።

አንድ ነገር ግን ዛሬ ይታወሰኛል። ሲደክምዎ አንዳንዴ ገጽ ይዘሉ ነበር። ከመዝለልዎ በፊት አጭር ትንፋሽ ይስባሉ፤ እኔም «ተመለስ» እላለሁ፤ ይስቁና ይመለሳሉ። እንደ ዛሬ ክቡር ሳይሆኑ፣ ውሸትዎ ገና ትንፋሽ ያጥረው ነበር።

ከዚያ በኋላ ያለው የሥራ ዘመንዎ ለአገር የሚተርፍ ነው። የዶክትሬት መጽሐፍዎን በተንኮል ስለተገኘ ፈቃድ ጻፉ። በመቶ አሥራ ሁለተኛው ገጽ ላይ «የተታለለ ሰው ፊርማ የቀለም ጠብታ እንጂ ፈቃድ አይደለም» የሚል ዓረፍተ ነገር አለ፤ ዳኞች እስከ ዛሬ በፍርዳቸው ውስጥ ይጠቅሱታል፤ እኔም ለተማሪዎቼ በየዓመቱ በቃል አስጠናዋለሁ። መምህር ሆኑ፤ የትምህርት ክፍል ኃላፊ ሆኑ፤ ዲን ሆኑ፤ ምክትል ፕሬዚዳንት፤ በመጨረሻም ፕሬዚዳንት። እኔ ባንዲት ቢሮ፣ ባንድ ወንበር ቀረሁ፤ ወደ ላይ የሚወጣ ሰው መሰላሉን የሚይዝለት ያስፈልገዋልና በዚያም ደስ ይለኝ ነበር።

ዲን በሆኑ ጊዜ፣ ፋኩልቲው የመደበልኝ አንባቢ ረዳት፣ እናት የመሰሉ ሴት፣ ጡረታ ወጡ። በምትካቸው ሰው እንዲቀጠር ብጠይቅ፣ በስብሰባ መካከል ተነስተው «ለወንድሜ የማነብለት እኔ ራሴ ነኝ» አሉ። ሰው አጨበጨበ፤ እኔ አለቀስኩ። በመጽሔታችን ላይ የወጣውን ፎቶግራፍ ሰዎች ሲነግሩኝ፣ እጅዎ ትከሻዬ ላይ ነው፣ እኔ ፈገግ ብያለሁ። ኮምፒውተሬ የተየብኩለትን ሁሉ ይናገራል፤ ማኅተም ያረፈበት ወረቀት ሲቀርብለት ግን እንደ ፈራ ምስክር ዝም ይላል። ስለዚህ ባለፉት ዘጠኝ ዓመታት ማኅተም ያለበትን ሁሉ እርስዎ አነበቡልኝ፤ ጣቴን ከፊርማው መስመር ላይ አስቀመጡልኝ፤ እኔም ፈረምኩ። ሳያረጋግጡ መፈረም ለሕግ መምህር ነውር ነው፤ ይህን ነውር ከራሴ ላይ አላወርድም።

አሁን ወደ ልጅቷ ልምጣ።

የሦስተኛ ዓመት የሕግ ተማሪ ናት። የፕሬዚዳንቱ የሥራ ዘመን በደንባችን ሁለት ጊዜ፣ ሁለት ሁለት ዓመት ብቻ ሆኖ ሳለ ሦስተኛው በየትኛው አንቀጽ እንደተፈቀደ የምትጠይቅ አንዲት ገጽ ጽፋ በማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ለጠፈች። ሁከት በመቀስቀስ ተከሰሰች። የዲሲፕሊን ኮሚቴው ሰብሳቢ እኔ ነበርኩ። ከቢሮዎ አጠገብ ባለው ክፍል ለአሥራ አንድ ደቂቃ ያህል ተናገረች፤ በመጀመሪያ ድምፅዋ ይንቀጠቀጥ ነበር፣ ኋላ ረጋ አለ። ከአምስታችን ሁለቱ ትባረር አሉ፤ ሦስታችን የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ይበቃታል አልን። ድምፅ ተቆጠረ፣ ተበተንን።

በማግስቱ ክቡርነትዎ ራስዎ ወደ ቢሮዬ መጥተው፣ በሩን ዘግተው፣ ውሳኔው በንጹሕ መገልበጡን ነገሩኝ። እንደ ወትሮው አነበቡልኝ፤ «በጽሑፍ ማስጠንቀቂያ እንድትታለፍ ኮሚቴው በአብላጫ ድምፅ ወስኗል» አሉ። ጣቴን አስቀመጡልኝ። ፈረምኩ።

በዘጠነኛው ቀን ልጅቷ መጣች። አልተቀመጠችም። ከበሩ አጠገብ ቆማ፣ «መምህር፣ አንድ ነገር ብቻ ልጠይቅዎት ነው። ሐሳብዎን ያስለወጠዎት ምንድን ነው?» አለችኝ። ማስጠንቀቂያ የዓለም መጨረሻ እንዳልሆነ፣ በርትታ ብትማር ሁሉም እንደሚረሳ ነገርኳት። እሷም፣ «ማስጠንቀቂያ አይደለም። ተባርሬያለሁ። የፈረሙት እርስዎ ነዎት» አለች።

ክቡር ሆይ፣ ያን ጊዜ ያደረግሁትን እዚህ ካልጻፍኩ ይህ ደብዳቤ ዋጋ የለውም። አላመንኳትም። ወረቀቱን ያነበበልኝን ድምፅ ሃያ ስድስት ዓመት እንደማውቀው፣ እሷን ግን ካወቅኋት ገና አንድ መንፈቅ እንደሆነ፣ ለሕግ ተማሪ ውሸት ከሁሉ የከፋ ጥፋት መሆኑን ነገርኳትና ውጪልኝ አልኳት። ወረቀቱን ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጠች። በሩን ሳታላትም ዘጋችው፤ ብታላትመው ይሻለኝ ነበር።

ወረቀቱን በቦርሳዬ ይዤ ቤት ገባሁ። ታናሽ እህቴ ልብስ ሰፊ ናት፤ የስፌት መኪናዋን አቁማ ወረቀቱን ተቀበለችኝ። አነበበችው። «ጋሼ፣ 'ከትምህርቷ ሙሉ በሙሉ ተሰናብታለች' ነው የሚለው። ልድገመው?» አለችኝ። አስደገምኳት። እህቴንም አላመንኳትም፤ ይህን ስጽፍ ፊቴ ይግላል። ወደ ጎረቤታችን ፋርማሲ ሄጄ መድኃኒት ሻጯን አስነበብኳት፤ ያንኑ አለች። በመጨረሻ የአጥር ግቢያችንን ዘበኛ ለመንኩት። ሽማግሌው ማንበብ የተማረው በስተርጅና ነው፤ «ተ... ሰ... ና... ብ... ታ... ለ... ች» እያለ ፊደሉን አንድ በአንድ እንደ ሚስማር መታልኝ። ያኔ አመንኩ።

በነጋታው ቢሮዎ ገባሁ። ይክዳሉ ብዬ ተዘጋጅቼ ነበር፤ ሳይክዱኝ ቀሩ፤ ለዚህ ቅንነትዎ ምስጋናዬ ወደር የለውም። ወንበር ሳቡልኝ፣ ትከሻዬን ያዙኝ፣ በዚያ በለሰለሰ ድምፅዎ፣ «ወንድሜ፣ አንተ የፈረምከው ወረቀቱን ነው እንጂ ድምፄን አይደለም» አሉኝ። ሃያ ስድስት ዓመት ካነበቡልኝ ሕግ ሁሉ እንደዚህ የጠራ አንቀጽ ሰምቼ አላውቅም። ስነሳም ምርኩዜን ፈልገው አቀበሉኝና፣ «ዕድሜ ልክህን ሰው እያነበበልህ ኖረሃል፤ ከእንግዲህ ማን ያነብልሃል?» አሉ። የተናገሩት በቁጣ አልነበረም። እንደ ሐኪም ነበር።

የመዝገብ ቤት ኃላፊዋ አንድ የማይረሳ ውለታ ዋሉልኝ፤ ፈራሚ የፈረመውን የማየት መብት አለው ብለው በሩን ከፈቱልኝ። እህቴ ለአራት ተከታታይ ከሰዓት በኋላ ሥራዋን ጥላ አነበበችልኝ። በዘጠኝ ዓመት ውስጥ በእርስዎ አንባቢነት የፈረምኳቸው ወረቀቶች ሠላሳ አንድ ናቸው። ሃያዎቹ እንዳነበቡልኝ ናቸው፤ ለሃያዎቹ ከልብ አመሰግናለሁ። በአሥራ አንዱ ላይ ግን የሚከተሉትን ትሑት ቅሬታዎች አቀርባለሁ።

፩ኛ፦ የብሬል ወረቀት እንዲቀርብልኝ የጠየቅሁበት ነው ብለው ያነበቡልኝ፣ የፕሬዚዳንት የሥራ ዘመን ገደብ «በልዩ ሁኔታ» ሊታለፍ ይችላል የሚል፣ በእኔ ስም የተሰጠ የሕግ አስተያየት ሆኖ ተገኝቷል። የብሬል ወረቀቱ ለምን ቀረ እያልኩ ሁለት ዓመት ሙሉ የንብረት ክፍሉን ሠራተኛ ነዝንዣለሁ፤ ያን ምስኪን ሰው ይቅርታ እጠይቃለሁ። አስተያየቱ ግን ግሩም ሆኖ ተጽፏል፤ እኔ ራሴ ብጽፈው እንዲህ አያምርም ነበር። ልጅቷ በሰሌዳ ላይ «በየትኛው አንቀጽ?» ብላ የጠየቀችው መልሱ ይኸው ነው፤ በእኔ ፊርማ። መልሱ እኔ መሆኔን ሳላውቅ፣ ስለጠየቀች ፈረድኩባት።

፪ኛ፦ የሥራ ባልደረባዬ፣ የወንጀል ሕግ መምህሩ፣ በታመመ ጊዜ ሁላችን የፈረምንበት የመልካም ምኞት ጽሑፍ ነው ያሉኝ፣ «ለማስተማር ብቁ አይደለም» የሚል ምስክርነት ነው። ሰውየው ከሆስፒታል ሲወጣ ሰላምታዬን አልመለሰም። እኔም ሕመሙ ጆሮውን ነክቶት ይሆናል ብዬ ሳዝንለት ኖሬያለሁ።

፫ኛ፦ አንባቢ ረዳት እንደማያስፈልገኝ በገዛ ፈቃዴ አረጋግጫለሁ። ይህን ያህል ራሴን የቻልኩ ሰው መሆኔን አላውቅም ነበር።

ከአራተኛው እስከ አሥረኛው ያሉት፣ ከላይ የተናገርኩት የልጅቷ ስንብት ጭምር፣ የሌሎች ሰዎች እንጀራና ስም ስለሆኑ እዚህ አልዘረዝራቸውም። ከየባለቤቶቹ ቤት ሄጄ በአፌ ልነግራቸው ሞክሬያለሁ። ሁለቱ በር አልከፈቱልኝም፤ እውነታቸውን ነው።

፲፩ኛ፦ በጤና ምክንያት በራሴ ጥያቄ ከሥራ መሰናበቴን የሚገልጽ ደብዳቤ፣ ከነፊርማዬ። ቀን አልተጻፈበትም። እህቴ ቀኑ የሚገባበትን ቦታ ጣቴን ይዛ አስነካችኝ፤ ወረቀቱ እዚያ ላይ ለስላሳ ነው። ክቡርነትዎ መቼ እንደምታመም አስቀድመው ማሰብዎ የወዳጅነትዎን ጥልቀት ያሳያል።

ከዚያ ሳምንት ጀምሮ የተደረገልኝን እንክብካቤ ሳላመሰግን ባልፍ ውለታ ቢስ እሆናለሁ። የመዝገብ ቤት ኃላፊዋ ሰው ወደማይደርስበት የርቀት ትምህርት ጣቢያ ተዛወሩ፤ አየሩ ለጤናቸው ጥሩ ነው ተብሏል። የመዝገብ ቤቱ ቁልፍ ተቀየረ። ሃያ ሁለት ዓመት የተመላለስኩበት ኮሪደርም እድሳት ላይ ነው መሰለኝ። ከግድግዳው እስከ ደረጃው አርባ አንድ እርምጃ ነው፤ ባዶ ሆኖ ነው የማውቀው። መጀመሪያ በመሃሉ አግዳሚ ወንበር ተቀመጠ፤ ጉልበቴን አገኘኝ። ቀጥሎ ውኃ የሞላ ባልዲ። ባለፈው ሳምንት ደግሞ በሕንፃው መውጫ ላይ የፍሳሽ ጉድጓዱ ክዳን አልነበረም፤ ምርኩዜ ባዶ አየር ነካችና ቆምኩ። ተማሪዎች ሮጠው ያዙኝ። ጽዳት ሠራተኛዋን ብጠይቃት ጠዋት ክዳኑ በቦታው እንደነበር በሹክሹክታ ነገረችኝ፤ ስሟን እንዳልጠራም ለመነችኝ። አልጠራሁም።

ልጅቷን ይቅርታ ለመጠየቅ ቤቷ ሄድኩ። አባቷ አናጺ ነው፤ ቤቱ የእንጨት ፍቅፋቂ ይሸታል። ማን እንደሆንኩ ስነግረው መላጊያውን አላቆመም፤ እስክጨርስ ድረስ ሲልግ ቆየ። ከዚያ አቆመና፣ «መምህር፣ እኔ ማንበብ አልችልም። ስለዚህ ወረቀት ሲመጣብኝ እፈራለሁ፣ ሳላስጠይቅ አልነካም። እርስዎ ለምን አልፈሩም?» አለኝ። ወዳጄ ነበር ብዬ ልመልስ አስቤ፣ በዚያ ቤት ውስጥ ቃሉን ማውጣት አፈርኩ።

ልጅቷ አልወቀሰችኝም። እስከ በር ስትሸኘኝ፣ «ይህን ሁሉ በአደባባይ ይናገሩታል ወይስ ለእኛ ብቻ ነው?» ብላ ጠየቀች። የሬጅስትራሩን ኃላፊ ወደ ትምህርቷ እንዲመልሷት ጠይቄ እንደነበር፣ እሳቸውም «እኔ የማየው ወረቀት ነው፣ ወሬ አይደለም» እንዳሉኝ ነገርኳት። «እንግዲያው ወረቀት እንስጣቸው» አለችና ብዕር አመጣች። አሁን የሚያነቡትን፣ ኋላም ቤቴ እየመጣች፣ እየነገርኳት የጻፈችው እሷ ናት። የእጅ ጽሑፏ ያማረ ነው አሉ፤ ጥያቄዋ የተለጠፈ ጊዜ ክቡርነትዎም ሳያዩት አልቀሩም።

ስለዚህ፣ በሙሉ አእምሮዬ፣ ማንም ሳያስገድደኝና ማንም ሳያታልለኝ፣ በአሥራ አንዱ ወረቀቶች ላይ ያለውን ፊርማዬን ዛሬ አንስቻለሁ። ልጅቷን የሚያባርረው ውሳኔ የእኔ ውሳኔ አይደለም፤ የኮሚቴውም አይደለም። ከእኔ ጋር ለማስጠንቀቂያ ድምፅ ከሰጡት ሁለት አባላት አንደኛዋ ይህንኑ በጽሑፍ አረጋግጣለች፤ ሌላው ድንገት የዓመት ፈቃድ ወጥቷል፣ ስልኩም አይሠራም። ያለ ቀን የተቀመጠው የስንብት ደብዳቤዬ ከዛሬ በኋላ የትኛውም ቀን ቢጻፍበት የእኔ አይደለም። ከሥራዬ የሚያስወጣኝ ሕመምም የለብኝም፤ ደረጃ ላይ ብገኝ፣ ጉድጓድ ውስጥ ብገኝ፣ ወይም ጨርሶ ባልገኝ፣ ጤነኛ እንደነበርኩ አንባቢ ይመስክርልኝ። ለሕጋዊ መሠረቱ መቶ አሥራ ሁለተኛውን ገጽ ይመልከቱ። ደራሲው በሕይወት ካሉ ይስማማሉ ብዬ አምናለሁ።

የተጻፈልኝን ለሦስት ሰዎች፣ አንዱ የሌላውን ሳይሰማ፣ አስነብቤአለሁ፤ የሦስቱም ቃል አንድ ነው።

የክቡርነትዎን ድምፅ ከሺህ ድምፅ መካከል ለይቶ የሚያውቅ፣ ለተነበበለት ሁሉ አመስጋኝ፣ ላልተነበበለትም የበለጠ አመስጋኝ፣ ሠላሳ አንድ ጊዜ በእምነት፣ ዛሬ ግን በዕውቀት የሚፈርም፣

በሕግ ትምህርት ክፍል መምህርና የዲሲፕሊን ኮሚቴ ሰብሳቢ፣
እስኪሻር ድረስ ታዛዥዎ።
(ፊርማ)

ማስታወሻ፦ ፈርሜ ብዕሩን ገና ሳነሳ የቤቴ በር ተንኳኳ። መልእክተኛዎ ነው፤ በጣም ትሑት ሰው ነው። ከእርስዎ የተላከ ፖስታ እንዳለው፣ ራሱ እንዲያነብልኝና እንዲያስፈርመኝ እንዳዘዙት በበሩ ስንጥቅ ነግሮኛል። ጥቂት እንዲታገሰኝ ጠይቄው እሺ ብሏል። ከእሱ ጋር ደረጃውን የወጡ ሁለት ሌሎች ሰዎች አሉ፤ ከባድ ጫማ አድርገዋል፣ ሰላምታም አልሰጡኝም። አጠገቤ ያለችው ልጅቷ ይህችን መስመር ጽፋ እንደጨረሰች ደብዳቤውን ይዛ በጓሮ በር ትወጣለች፤ ከዚያ እኔ እከፍትላቸዋለሁ። አንዲት ገጽ ለማንበብ ሦስት ሰው መላክዎ ትልቅ ክብር ነው፣ ክቡር ሆይ። ድሮ እርስዎ ብቻዎን ይበቁ ነበር።